ሳይለቀም የተላከ ለውዝ

ጥር 7

ለአክስቴ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። አልከሳሁም፣ አልጠቆርኩም፣ ቁርስ ሳልበላም ከቤት አልወጣም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ባለፈው ደብዳቤሽ ከላይ እስከ ታች የጠየቅሽኝ ይህንኑ ስለሆነ ነው። ስለ ሥራዬ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም "ይህን ሁሉ ለውዝ ሰብስባችሁ ልትነግዱበት ነው ወይ?" የሚል።

አንነግድበትም። እየፈጨን እንመረምረዋለን። ለውዝ እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል፤ ይህን ለአንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንዳንዱ ሻጋታ ግን መርዝ ትቶ ያልፋል። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ ብትቆዪውም ብትቀቅዪውም ጨርሶ አይጠፋም። ሰው ለዓመታት ጥቂት በጥቂት ሲበላው ጉበቱ ላይ ካንሰር ሊያመጣበት እንደሚችል ሌላ ቦታ በደንብ ተጠንቷል። የኛን ሰፈር ግን ዞሮ ያየው የለም። አናጺው በጉበት ሄደ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በጉበት ሄደ። የባለ ወፍጮዋ ባልና ወንድሟ ተከታትለው ሄዱ። እኛ "ቀኑ ደረሰ" እያልን ቀበርናቸው። ከመካከላቸው ግን ሽማግሌ የሚባል አልነበረም።

እንግዲህ ሥራው ይኸው ነው። ነርሷ ከፈቃደኞቹ ቤቶች ደም ወስዳለች። መርዙ ደም ውስጥ ለሳምንታት የሚቆይ አሻራ ስለሚተው፣ ማን ምን ያህል ሲበላ እንደከረመ ደሙ ይናገራል። አንቺ ደግሞ ከነዚያው ቤቶች፣ ከየጓዳው፣ አንዳንድ ከረጢት ለውዝ ትልኪልኛለሽ። ከረጢቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። የትኛው ቁጥር የማን ቤት እንደሆነ የምታውቁት አንቺና ነርሷ ብቻ ናችሁ፤ እኔ ማወቅ የለብኝም። ደሙና ምግቡ አንድ ነገር ከተናገሩ ነገሩን ከሥሩ ያዝነው ማለት ነው። ያን ቀን "ቀኑ ደረሰ" የሚለውን አባባል ከሰፈራችን አባርረዋለሁ።

ስልክ ላይ ጆሮሽ እንደሚያስቸግርሽ ስለማውቅ ደብዳቤውን ለባለ አውቶቡሱ፣ ለባልሽ የድሮ ባልደረባ፣ ሰጥቼዋለሁ። ከረጢቶቹንም በሱው ላኪልኝ።

ባልሽን፣ የኔን ጋሼ፣ ሳሚልኝ። እንደ ልማዱ ከደብዳቤሽ ግርጌ የጻፈውን አንብቤ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ደርሶብኛል። የላይኛውን ትተሽ ግርጌውን ብቻ ብታነቢ ምንም አይቀርብሽም ብሎኛል።

ልጅሽ፣ ጉንዳን

*

ጥር 26

ለጉንዳኔ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ከረጢቶቹ ስለዘገዩ ይቅርታ አድርጊልኝ። የዘገዩት በኔ ስንፍና ሳይሆን በሰው ደግነት ነው። ለጉንዳን ነው ስላቸው ጓዳቸውን ገለባበጡት። በባለ አውቶቡሱ አፍ "ያስታውሱኛል ወይ?" ብለሽ ልከሽብኛል ደግሞ! ከሰፌዴ ሥር የወደቀ ፍሬ እየለቀምሽ ወደ አፍሽ ስትከቺ አይተው ጉንዳን ያሉሽ እነሱ አይደሉም እንዴ? ባለ ወፍጮዋ ያን ቀን አልሰጥም ብላ "ነገ ነይ" አለችኝ፤ በነጋታው ስሄድ አዲስ ከረጢት ገዝታ፣ አፉን በክር ሰፍታ ጠበቀችኝ። ልብስ ሰፊዋም እንዲሁ። አንድም ቤት ባዶ እጄን አልመለሰኝም፤ ቁጥሩንም እንዳልሽው ለጥፌያለሁ።

ስለ ንግዴ ልንገርሽ። የብስኩት ፋብሪካው ተቀባይ ዘንድሮም ከኔ ጆንያ አንድ ጥቁር ፍሬ አጣ። እጁን እስከ ክርኑ ከቶ በረበረ። "እማማ፣ ዓይንዎ ነው ወይስ ማጉያ መነጽር?" አለኝ። "እጄ ነው" አልኩት። ጣቴ የተጨማደደ ፍሬ ሲነካ ሳላየው ያውቀዋል። ሌሎቹ ሴቶች ጆንያቸው ሲመለስባቸው የኔ ተመልሶ አያውቅም፤ ይህን ስልሽ ጉራ እንዳይመስልሽ፣ ጉራ ነው።

ጋሼሽ ሹፌሩ ጡረታ ወጥቶም የመንገድ አመሉን አልተወም። ያኔ ዳቦና የለውዝ ቅቤ በቆርቆሮ ይዞ ነበር አገር የሚያቋርጠው። አሁንም ጠዋት ጠዋት ዳቦውን እሱኑ ቀብቶ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥና የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ይቆጣጠራል። ማን ማርሽ እንደሚያስጮህ፣ ማን ፍሬን እንደሚረግጥ ከሱ አያመልጥም።

አክስትሽ

ከግርጌ፦ ጉንዳን፣ አክስትሽ ላንቺ ለውዝ ስትሰበስብ ለኔ ምሳ መሥራት ረስታለች። ሳይንስ ሰው ሊገድል ይችላል የሚሉት እውነት መሆኑን ጻፊበት። — ሹፌሩ

*

የካቲት 29

ለአክስቴ፣

ስለ ዝምታዬ ይቅርታ። "ለውዙ መንገድ ላይ ቀረ ወይስ ልጅቷ ጠፋች?" ብለሽ በባለ አውቶቡሱ አፍ የላክሽብኝ ደርሶኛል። ለውዙ ደርሷል፣ እኔም አልጠፋሁም። የምጽፈው ቢጠፋኝ ነው።

ሁሉንም ፈጨሁት። ብናኙን እንዳንተነፍሰው አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ነው የምንፈጨው፤ ሽታው ግን በጭምብሉ አልፎ ይመጣና አንቺ ጓዳ የቆምኩ ይመስለኛል። ደጋግሜ ለካሁት። ንጹሕ ነው አክስቴ። ሕፃን ልጅ ቢበላው የማያሳስብ ለውዝ ነው። ደማቸው ግን ሌላ ነው የሚናገረው። መርዙን ሳያቋርጡ ሲበሉ የከረሙ ሰዎች ደም ነው።

አለቃዬ ፕሮፌሰሩ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ስለሚውሉ በበጋም ከሹራብ አይለዩም። ወረቀቱን አይተው ሹራባቸውን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረጉና "ለውዙ ነጻ ወጥቷል፤ ጥናቱን ዘግተን ሌላ ነገር እንፈልግ" አሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ልላቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እምቢ ማለቱን ግን አልዋጥኩትም። "ደሙ አይዋሽም፣ ለውዙም አይዋሽም፤ በመካከላቸው ያመለጠኝ ነገር አለ" አልኳቸው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ጊዜ ሰጥተውኛል። ካላገኘሁት ጥናቱ ይዘጋል፤ ከተዘጋም ተመልሶ እዚያ ሰፈር የሚመጣ የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ለውዙን ከየቤቱ ስትቀበዪ የሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ። ማን ከየት አወጣው? በምን ሰፈረው? አንቺስ ቤትሽ ወስደሽ ምን አደረግሽው? "ይህ ደግሞ ምን ይጠቅማታል" ብለሽ አንዲት ነገር እንዳታልፊ፣ አፈር ስሆን።

ጉንዳን

*

መጋቢት 11

ለጉንዳን፣

ዛሬ "ጉንዳኔ" አልልሽም፣ ተቀይሜሻለሁ። "ለውዙን ምን አደረግሽው?" ብሎ ጥያቄ ምን ማለት ነው? ሌባ ነው እንዴ እንዲህ የሚጠየቀው? ምን አደርገዋለሁ፤ ለቀምኩት!

ባለ ወፍጮዋ "ነገ ነይ" ያለችኝ ለምን መሰለሽ? ልትለቅመው ነዋ። ልብስ ሰፊዋ ምራቷን አጠገቧ አስቀምጣ አስለቀመቻት። አዋላጇ እንኳ፣ ዓይኗ የደከመው ሴትዮ፣ ወንበሯን ፀሐይ ላይ አውጥታ አንድ በአንድ ስታነሳና ስትጥል ዋለች። እኔ ደግሞ የነሱን እጅ ስለማላምን፣ ቤቴ ካስገባሁት በኋላ የሁሉንም በሰፌዴ ላይ ዘርግቼ እንደገና አየሁት። የጠቆረውን፣ የተጨማደደውን፣ የተሰነጠቀውን ሁሉ አወጣሁት። የባለ ወፍጮዋን ክር ተርትሬ፣ ለቅሜ፣ መልሼ ሰፍቼዋለሁ፤ ይህን ለሷ እንዳትነግሪብኝ።

ታዲያ ምን ልልክልሽ ኖሯል? ልጃችን ትልቅ ቦታ ደርሳ፣ በሷ በኩል የሰው ዓይን ሲያየን፣ የጓዳችንን ጉድፍ ፕሮፌሰር ፊት ልዘርግፈው? ለሰው የሚሰጥ ነገር ይለቀማል። ይህን አላስተማርኩሽም? ንጹሕ ሆነብኝ ብላ የምታማርር አንቺን አየሁ።

ሹፌሩ ደህና ነው። ዛሬ ከግርጌ ያልጻፈው እጁን ሥራ ስለያዘው ነው።

አክስትሽ

*

መጋቢት 20

ለአክስቴ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት፣ ከዚያ ሳቄ አልቆም አለ። ስቄ ስቄ መጨረሻ ላይ አለቀስኩ። ይቅር በይኝ፤ ብትቀየሚ እውነትሽን ነው። ጥፋቱም የኔ ነው። እዚያ ቤት ያደግኩ ሰው፣ ለእንግዳ ሳይለቀም የቀረበ ነገር በሕይወቴ አይቼ የማላውቅ ሰው፣ የጥናቱን መመሪያ ስጽፍ ስለ ቁጥሩም ስለ ከረጢቱም ስለ ማሰሪያውም ጽፌ "አትልቀሙት" የምትል አንዲት ቃል አልጻፍኩም። እንደዚህ ያለ ነገር መጻሕፍቱ ውስጥ የለም፤ ከኔ በቀር ማን ሊያስታውሰው ይችል ነበር?

ለፕሮፌሰሩ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። በሹራባቸው ጫፍ ጠራረጉትና "እናቴም እንደዚያ ነበረች" አሉ። የሰጡኝን ጊዜ ግን አላራዘሙም።

አሁን የምጠይቅሽ ነገር ከፊተኛው ይከብዳል። ከነዚያው ቤቶች ሳይለቀም፣ የማንም እጅ ሳይገባበት፣ ከጆንያው እንዳለ ስፈሪልኝ። ከየቤቱ ደግሞ ሌላ ከረጢት እፈልጋለሁ፤ ሲለቀም የወጣውን ውዳቂ። አየሽ፣ ንጹሑን በእጄ ይዣለሁ። ያልተለቀመውንና ውዳቂውን ከጎኑ ካስቀመጥኩት የጠፋብኝን ነገር አገኘዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ። ውዳቂው የት ነው የሚሄደው? ልጅ ሆኜ ስታወጪው ሁልጊዜ አይሻለሁ። ስትጥዪው ግን አይቼሽ አላውቅም።

ለመሆኑ የጋሼን እጅ ምን ሥራ ያዘው? ጡረታ የወጣ ሰው፣ ለዚያውም እሱ!

ጉንዳን

*

ሚያዝያ 16

ለጉንዳኔ፣

ቂሜ ወጥቷል፣ አትስጊ። "የምጠይቅሽ ነገር ይከብዳል" ብለሽኛል። አዎ፣ አስቸግረሽኛል።

መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄድኩ። "ያልተለቀመ? ውዳቂውንም ጨምረሽ?" አለችና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "ባለፈው የራስሽን አበጥረሽ ልከሽ፣ አሁን የኛን ገመና ልትሸከሚ መጣሽ?" አዋላጇ አሞኛል ብላ ተኛች። ሌሎቹም እንደተነጋገሩ ሁሉ ለውዛችን አልቋል አሉኝ፤ ከበሩ ሆኜ ጆንያው ይታየኛል እኮ። ደማቸውን ሳይሳሱ የሰጡ ሰዎች ናቸው፤ ጥቁር ለውዝ ግን ከሞት ሆነባቸው። የሰው ፊት እሳት ነው። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ያው ነኝ።

ቤቴ ተመልሼ ሳስበው ቆየሁና ሁሉንም ቡና ጠጡ ሳልል፣ ነይ እስቲ የማሳይሽ አለ ብዬ ጠራኋቸው። ግቢዬ ውስጥ ነጭ አንሶላ ዘረጋሁ። ያልተለቀመ ጆንያዬን ከጓዳ ጎትቼ አወጣሁና አንሶላው ላይ ገለበጥኩት። ጥቁሩ፣ ብል የበላው፣ ነቀዙ፣ የአይጥ ኩሱ፣ አንድም አልቀረም። የፋብሪካው ተቀባይ የሚምልባት ሴትዮ ጓዳ ይህ ነው አልኳቸው። የቤት አመል ገበያ ይወጣል ይባል የለ፤ እኔ ገበያውን ቤቴ ድረስ ጠራሁት። መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፣ ሌሎቹም ተከተሏት፣ እኔም ፊቴ እየነደደ ሳቅኩ። ባለ ወፍጮዋ ብቻ አልሳቀችም። ተነስታ ወጣች። የተቀየመች መስሎኝ ነበር። ቆይታ ሁለት ከረጢት ተሸክማ መጣችና "ሁለት ሰው ቀብሬ ለውዝ አፍራለሁ?" አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አልቀረም።

ውዳቂው የት ይሄዳል ብለሽ ጠይቀሽኛል። ምርጡ ለፋብሪካ፣ መለስተኛው ለገበያ፣ ውዳቂው ተፈጭቶ ለቤት። እህል መጣል ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። የተፈጨ ነገር ደግሞ መልክ የለውም፤ ቅቤ ሆኖ ዳቦ ላይ ሲቀባ፣ ሾርባ ውስጥ ሲገባ ማን ጥቁር ነበር ይለዋል? ይህን ስጽፍልሽ እጄ ከበደኝ። አንቺም በሱ ነው ያደግሽው።

ሹፌሩ ሰላም ብሎሻል። ሆዱ ገፋ ብሏል፤ ጡረታ ተስማማኝ እያለ ይኮራል።

አክስትሽ

*

ግንቦት 18

ለአክስቴ፣

አገኘሁት።

የተለቀመው ንጹሕ ነው። ያልተለቀመው ከሚፈቀደው ብዙ እጥፍ ነው። ውዳቂውን ስለካው መሣሪያው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ቁጥር መስጠት አቃተው፤ አቅጥኜ አቅጥኜ ነው የለካሁት። ውዳቂው የከፋበት ቤት፣ ደሙም እንደዚያው የከፋ ሆኖ ተገኘ። የደሙንና የውዳቂውን መስመሮች ጎን ለጎን ስዬ ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አዩት፣ ገልብጠው አዩት፣ አንዲት ስሕተት ፈልገው አጡ። ጥናቱ አይዘጋም። የክረምቱን ናሙና እንድንጨምር፣ ሌሎች ሰፈሮችም እንዲገቡ ወስነዋል። የመመሪያው ስሕተት ባይኖር ኖሮ ደግሞ የተለቀመ ለውዝ አይኖረንም ነበር፤ መልቀም ይህን ያህል እንደሚያድን ማን ይነግረን ነበር? መርዙን የሚያወጣው መድኃኒት ሳይሆን እጃችሁ ነው። እጃችሁ ያወጣውን ግን አፋችሁ መልሶ ያስገባዋል።

ስለዚህ ውዳቂው ለሰው አይሁን። "ለዶሮ እንስጠው ወይ?" እንዳትይኝ፣ ለዶሮም ለላምም አይሆንም፤ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ስትፈለፍሉ ቅርፊቱ እንዲለሰልስ ውሃ መርጨትም ይቅር። ሻጋታው የሚነሳው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ። "ሆዱ ገፋ ብሏል" ብለሽ እንደ ቀልድ ጻፍሽልኝ። የምሠራው ምን ላይ እንደሆነ ረሳሽው? ከግርጌ መጻፉን ትቷል፣ ሆዱ ገፍቷል። ባለ አውቶቡሱን "ጋሼ እንዴት ነው?" ብለው ዓይኑን ከኔ አሸሸና ጎማውን መምታት ጀመረ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል? ይበላል? ሐኪም አይቶታል? እውነቱን ጻፊልኝ። ከአንቺ ውሸት ከምሰማ የፈለገው ይምጣ።

ጉንዳን

*

ግንቦት 25

ለጉንዳኔ፣

ይቅር በይኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነበር።

ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ዳቦውን ጠዋት ይቆርሰዋል እንጂ አይጨርሰውም። ከየካቲት ጀምሮ ቀኝ ጎኑን ይዞ መነሳት አመጣ። ሆስፒታል ወስጄው በመሣሪያ አዩት፤ ጉበቱ ላይ ያለው እብጠት ሰፍቷል፣ ለቀዶ ጥገናም አይሆንም አሉን። የሕመም ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙን። በመንገዳችን ሁሉ ያወራው ስለ አምቡላንሱ ሹፌር አነዳድ ነበር።

እንዳልነግርሽ ያስማለኝ እሱ ነው። "ልጅቷ ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፤ ጥናቱም ይዘጋል። መሪ የያዘ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ አያይም" አለኝ። ከግርጌ መጻፉን የተወውም እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። "ፊደሌን አይታ ታውቅብናለች" አለ። ጥናቱ አይዘጋም የሚለውን ደብዳቤሽን ሳነብለት ግን "በይ እንግዲህ ንገሪያት፣ አሁን ቁልቁለቱን አልፋዋለች" አለ። መሐላዬን የፈታልኝ እሱ ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። የኛ ቤት ቁጥር ሠላሳ አንድ ነው። ምን አገኘሽበት? እንዳትዋሺኝ፣ እንዳታለሳልሺልኝም። እሱም ማወቅ ይፈልጋል።

አክስትሽ

*

ሰኔ 1

ለአክስቴ፣ ለጋሼም፣

የቁጥሩ ባለቤት ሲጠይቅ መንገር ይፈቀድልናል። ባይፈቀድልኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ሠላሳ አንድ ከሁሉም ከፍተኛው ነው። ደሙም፣ ውዳቂውም።

ይህን ቁጥር የማን እንደሆነ ሳላውቅ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። "የነዚህ ቤት ምን ቢሆን ነው?" እያልኩ አስብ ነበር። አሁን ገብቶኛል። በሰፈሩ ካሉት ሁሉ ጎበዟ ለቃሚ አንቺ ስለሆንሽ ነው። የሌላው እጅ ያሳለፈውን ጥቁር ፍሬ ያንቺ እጅ አያሳልፈውም፤ ከነዚያ ሁሉ የፋብሪካ ጆንያዎች የወጣው ክፉ ክፉው ደግሞ ተጠራቅሞ ቤት ይቀራል። ለማያውቁት ሰዎች ብስኩት የተጠነቀቅሽውን ያህል ለራሳችሁ ዳቦ አልተጠነቀቅሽም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እንደ ባለሙያ ቃል ስሚኝ። የአንድ ሰው ካንሰር ከምን እንደመጣ በእርግጠኝነት ሊነግርሽ የሚችል የለም። የጉበት ቫይረስ የሚባልም አለ፤ ሁለቱ ከተገናኙ አደጋው ይባዛል። የኛ ጥናት የሚናገረው ስለ ብዙ ሰው ነው፣ ስለ ጋሼ አይደለም። "እኔ ነኝ ያበላሁት" እንዳትይ። አንቺም ነገ ዛሬ ሳትይ ተመርመሪ።

እንደ ልጅሽ ደግሞ የምለው አለኝ፤ እሱን በደብዳቤ አልጽፈውም። ቅዳሜ እመጣለሁ። ሥራውን አልጣልኩትም፣ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ናቸው ሂጂ ያሉኝ። ጋሼ ቢቆጣ ይቆጣ።

ጉንዳን

*

ነሐሴ 4

ለጉንዳኔ፣

"እንዴት ነሽ?" ብለሽ ጠይቀሽኛል። እንዳየሽኝ ነኝ። አንቺ ስትሄጂ ግን ቤቱ ሰፋብኝ። የሱ ወንበር መስኮቱ አጠገብ እንዳለ ነው። መኪና ማርሽ ሲያስጮህ ዞሬ አየዋለሁ፤ የሚሳደብ የለም። ናፈቀኝ። ሲነጫነጭብኝ የኖረውን እንኳ ናፈቀኝ።

እሱን አፈር አልብሰን ስንመለስ ልነግርሽ ፈልጌ ሳልነግርሽ የቀረሁት ነገር ነበር። ሠላሳ አንድ ከፍተኛው ነው የሚለውን ደብዳቤሽን ሳነብለት አልቅሼ መጨረስ አቃተኝ። ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለኝና ራሱ አነበበው። "ይኸው በስተርጅና አንደኛ ወጣን" አለኝ። ቀጥሎ ግን እጄን ያዘኝ። "እኔ ዳቦዬን ሳጣጥም ነው የኖርኩት፣ ማንም አላስገደደኝም። አንቺ የምታለቅሺ ከሆነ ቁጥሩን ነገ ለሴቶቹ ንገሪያቸው፤ ከዚያ ታለቅሻለሽ" አለ። "እኔ ነኝ እንዳትይ" ብለሽኛል። አላልኩም ብዬ አልዋሽሽም፤ ጠዋት ዳቦ ስቆርስ እላለሁ። ብዬ ብዬ ግን ሰፌዴን አንስቼ እወጣለሁ።

ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ያንኑ ነጭ አንሶላ ዘርግቼ፣ ቁጥሬንም ምን እንደተገኘበትም፣ ሹፌሩ በምን እንደሞተም፣ አንቺ "በእርግጠኝነት አይታወቅም" ያልሽውንም ሳልደብቅ። የዚያን ቀን የሳቀ የለም። ባለ ወፍጮዋ ከዚያ ወዲህ ውዳቂ ይዞ የመጣን ሰው "ወፍጮዬ ይህን ለሰው አይፈጭም" ብላ ከደጅ ትመልሳለች። አንዷ "የኔን እህል አንቺ ምን አገባሽ" ብትላት፣ ሚዛኑን ለቃ ወጥታ ጉድጓዱ ድረስ አብራት ሄደች። ጉድጓዱ ከግቢዬ ጀርባ ነው። መጀመሪያ ቀን ቅርጫቴን ይዤ አፋፉ ላይ ቆሜ እጄ አልገለብጥ አለኝ፤ እህል እኮ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ መጥታ ክርኔን ገፋችልኝ። አሁን አያስቸግረኝም።

የተመረመርኩትም ውጤት መጥቷል። ቫይረሱ የለብኝም፣ ጉበቴም እስካሁን ደህና ነው፤ በየጊዜው ተመላልሼ እንድታይ ነግረውኛል፤ እመላለሳለሁ። የቫይረሱን መከላከያ ክትባትም ጀምሬያለሁ። የአዋላጇን የልጅ ልጆችና የልብስ ሰፊዋን ምራት ጎትቼ ወስጃቸዋለሁ።

አክስትሽ

ከግርጌ፦ የሱ ቦታ ባዶ ሲሆን ደብዳቤው ያለቀ አልመስል አለኝ፤ ስለዚህ እኔው ሞላሁት። የክረምቱን ናሙና በባለ አውቶቡሱ ልኬልሻለሁ። ሠላሳ አንድ ከላይ ነው። ጥቁር አለበት፣ ነቀዝ አለበት፣ ድንጋይም ሳይኖርበት አይቀርም። እጄ ወደ ሰፌዱ ሲሄድ በሌላው እጄ ይዤ መለስኩት። እንዳለ ነው የመጣልሽ፤ ይቅርታም አልጠይቅሽም።